የኢንዶስኮፒ ውጤቴ የት ገባ? ሲስተር ትመልሳለች

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ወር ስለ ኢንዶስኮፒ ዝግጅት፣ ማለትም ጨጓራ በአፍ በሚገባ ካሜራ ከመታየቱ በፊት ስለሚደረገው ዝግጅት ጽፌ ነበር። ለስንት ሰዓት ሳይበሉ እንደሚቆዩ፣ ጉሮሮ ላይ የሚረጨው ማደንዘዣ ምን እንደሚል፣ ማስታገሻ የተወጋ ሰው በዚያ ቀን ለምን መኪና እንደማይነዳ። ጥያቄው ሁሉ ስለ ሕመሙ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ አብዛኛው ደብዳቤ ስለ ወረቀቱ ሆነ። ሪፖርት ጠፋብን፣ ፎቶው ጠቆረ፣ ቀኑ አልገባቸውም፣ «ሲስተም የለም» ተባልን።

አልከፋኝም። ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አሁን የያዝኩት የክፍሉን መዝገብ ነው። ስለዚህ ሥራ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ቤት ውስጥ ወሬውን ስጀምር ልጆቼ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። ስለዚህ ዛሬ ተራው የኔ ነው። ቡና ጨጓራ ይጎዳል ወይ ብላችሁ የጻፋችሁ፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

«ኮምፒውተር ውስጥ አለ ብለውን ነበር»

*ሲስተር፣ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። አምና ደም አስመልሷቸው አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል በካሜራ ታዩና የጨጓራ ቁስል ተገኘባቸው። ናሙናም ተወስዷል። የተሰጠን አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ፎቶው ጠቁሮ ምንም አይለይም። ሰሞኑን ሕመሙ ስለተመለሰባቸው ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን። «የአምናውን አምጡ» አለን። ሆስፒታሉ ተመልሼ ስጠይቅ «ሲስተም ተቀይሯል፣ የድሮው አይገኝም» አሉኝ። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር እንዴት ይጠፋል? እንደገና መታየትስ አለባቸው ወይ? — የአባቱ ልጅ፣ ከአዳማ*

ወንድሜ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። አባትዎን ደም እንደገና ካስመለሳቸው ወይም ሰገራቸው ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ መዝገብ ፍለጋው ይቅር። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። «ኮምፒውተር ውስጥ አለ» ሲባል የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ የተያያዙ ይመስለናል። ብዙ ቦታ እንደዚያ አይደለም። ኢንዶስኮፑ ጫፍ ላይ ያለችው ካሜራ ምስሉን የምትልከው አልጋው አጠገብ ጋሪ ላይ ወዳለው ፕሮሰሰር፣ ምስሉን ወደሚያቀናብረው ማሽን ነው። ከፕሮሰሰሩ አንዱ ገመድ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። ሌላው ጥግ ላይ ወዳለች አንዲት ኮምፒውተር ይገባል። ፎቶው የሚቀመጠው እዚያች ላይ ነው፤ ሪፖርቱም የሚታተመው ከእሷ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ስለ እሷ የሚያውቀው ነገር የለም። እሷ ስትበላሽ፣ ቫይረስ ሲገባት፣ ወይም ሶፍትዌሩን የሸጠው ድርጅት ሲቀየር የያዘችው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አልጠፋም። አሮጌዋ ኮምፒውተር ስቶር ውስጥ ተቀምጣለች፤ የሚከፍታት ሰው ነው የታጣው።

ስለዚህ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተሰልፈው አይድከሙ። ኢንዶስኮፒ ክፍሉ ድረስ ይሂዱና ኃላፊዋን ነርስ ያናግሩ። በመጀመሪያ ትልቁን የእጅ መዝገብ እንድታይልዎ ይለምኗት። ኮምፒውተር ከገባም በኋላ ብዙ ክፍሎች ቀኑን፣ ስሙን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ የተገኘውን ነገርና የሐኪሙን ስም በደብተር መጻፍ አልተዉም። እኔም ክፍሌ ውስጥ አላስተውም። ቀኑን በግምት ካወቁት በደብተር መፈለግ ቀላል ነው። ከዚያ የአሮጌው ሲስተም ቅጂ የት እንዳለ ይጠይቋት።

እኔን ያሳሰበኝ ግን እግረ መንገድዎን የጻፉት ነገር ነው። ናሙና ተወስዷል ብለዋል። ውጤቱ ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ያያችሁት አይመስለኝም። ይሄ በጣም ብዙ ጊዜ ይከሰታል። የኢንዶስኮፒው ሪፖርት እዚያው ቀን ይሰጣል፤ የናሙናው መልስ ቀናት ወይም ሳምንታት ቆይቶ ይመጣል። በመሀል ታካሚው መድኃኒቱን ጀምሮ ይሻለዋል። ተመልሶ የሚጠይቅ የለም።

ደግነቱ ናሙናውን የሚመረምረው ክፍል፣ ፓቶሎጂ፣ የራሱ መዝገብና የራሱ ቁጥር አለው። ከጨጓራ የተቆረጠችው ቁራጭ ሰም ውስጥ ትቀመጥና በስሱ ተቆርጣ መስታወት ላይ ትለጠፋለች። ውጤቱ ከተጻፈም በኋላ ሰሙና መስታወቱ ወዲያው አይጣሉም። የኢንዶስኮፒ ፎቶው ጨርሶ ቢጠፋ እንኳን የናሙናውን ውጤት የማግኘት ዕድል አላችሁ። ለአዲሱ ሐኪም ከፎቶው ይልቅ እሱ ይጠቅመዋል። ዛሬ ነገ ሳይሉ እሱን ያፈላልጉ።

እንደገና መታየት አለባቸው ወይ ላሉት፣ ወሳኙ ሐኪማቸው ነው። ግን ቁስሉ የጨጓራ ከሆነ፣ ማለትም የትንሹ አንጀት ካልሆነ፣ ከሕክምናው በኋላ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድኗል ወይ ተብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ካንሰር አንዳንዴ ተራ ቁስል መስሎ ይታያል። ስለዚህ ፎቶው ባይጠፋም ኖሮ አባትዎ ድጋሚ መታየታቸው የሚቀር አይመስለኝም። በአዲሱ ምርመራ ጊዜ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ፣ ፎቶውን በፋይል ይጠይቁ። ቫይረስ ፈርተው «ፍላሽ አንሰካም» ካሉ አይቀየሟቸው፤ በኢሜይል ወይም በሲዲ ይሁንልኝ ይበሉ። ቀለም ባለቀበት ፕሪንተር የታተመ የጨጓራ ፎቶ ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን

*ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ መጥታለች። ጨጓራዋን እዚያ ታይታ ሪፖርቱን ይዛ መጥታ ነበር። ሪፖርቱ ላይ 05/06/2017 ይላል። እዚህ ያለው ሐኪም አየት አድርጎ «ይሄማ በጣም የቆየ ነው» ብሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ስሟም ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ፊደል ይለያያል። ምን ላድርግ? — ፅጌ ነኝ በሉኝ*

እህቴ ፅጌ፣ ሐኪሙ አይፈረድበትም። አሜሪካዊ ያንን ቁጥር ሲያይ ሜይ 6 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ለንደን ብትወስጂው ጁን 5 ይሉሻል። እናትሽ የታየችው ግን የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025። ለሐኪሙ የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። የቅርብ ጊዜ ምርመራ ከሆነ ላይደግመው ይችላል፤ የቆየ ከሆነ ይደግመዋል።

አሁን ወረቀቱን አውጪና የፎቶዎቹን ጥግ ተመልከቺ። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው በኛ አቆጣጠር ቢጽፍም ፕሮሰሰሩ ፎቶው ላይ የሚያትመው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 2025 የሚል ካገኘሽ ለሐኪሙ ጣትሽን እሱ ላይ አድርገሽ አሳዪው። በነገራችን ላይ ያንንም ሰዓት ሁልጊዜ አትመኚው። የማሽኑ ውስጠኛ ባትሪ ሲሞት ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለሳል፤ ማንም ካላስተካከለው ጨጓራው ሁሉ ገና ማሽኑ ሳይገዛ የተነሣ ይመስላል። ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለውን ማሽኑ 9 ይለዋል። ነርሷ በኛ ሰዓት፣ ማሽኑ በራሱ ሲጽፉ በአንድ ወረቀት ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይወጣል።

ፎቶው ላይ ቀን ከሌለ ወደ ሆስፒታሉ ዘመድ ላኪና በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ፣ ማህተም ያለበት አጭር ደብዳቤ አስመጪ። ሪፖርቱ ራሱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ማስተርጎም አያስፈልግሽም።

ስለ ስሟ ብዙ አትጨነቂ። ስሟ ሪፖርቱ ላይ በ«ዋይ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«አይ» ፊደል የሚያልቅ ከሆነ እዚህ የሁላችንም ችግር ነው። አንድ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ዓይነት ይጻፋል። እዚያ ደግሞ የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጥሩታል፤ አንዱ ቢሮ የአባቷን፣ ሌላው የአያቷን ስም ይዞ ሁለት ሰው ያደርጋታል። ከአሁን ጀምሮ የትም ስትሄዱ አጻጻፉ እንደ ፓስፖርቷ ይሁን በሉ። የትውልድ ቀኗንም በአንድ ዓይነት ብቻ።

«እኔ ስለ ጨጓራ የማውቀው ሚጥሚጣ እንደሚያቃጥለው ነው»

*ሲስተር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ደሴ አንድ የግል ሆስፒታል ተቀጥሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ «ለኢንዶስኮፒ ክፍሉ ሶፍትዌር ሥራልን፣ እስካሁን ሪፖርቱን በወርድ ነው የሚጽፉት» አለኝ። እኔ ስለ ጨጓራ የማውቀው ሚጥሚጣ እንደሚያቃጥለው ነው። ምን ምን ማካተት አለብኝ? ቪዲዮውንስ ሙሉውን ላስቀምጠው? — አዲሱ የአይቲ ልጅ*

ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እንኳን ጠየቅከኝ፤ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ናቸው ያስቸገሩኝ።

ኮድ ከመጻፍህ በፊት ክፍሉ ውስጥ ገብተህ ቁም። ለአንድ ሳምንት። ሐኪሙ በግራ እጁ የስኮፑን ጭንቅላት፣ በቀኙ ገመዱን ይዟል። ነርሷ የታካሚውን አገጭ ይዛ ምራቅ ትጠርጋለች። የሁሉም ጓንት እርጥብ ነው። ማውዝ የሚነካ እጅ የለም። ስለዚህ ፎቶ የሚነሳው ስኮፑ ላይ ባለችው አዝራር ወይም በእግር በሚረገጥ ፔዳል መሆን አለበት። ፎቶ ለማንሳት ስክሪን ላይ ተጫኑ የሚል ፕሮግራም ከሠራህ ማንም አይጠቀምበትም፤ ተመልሰው ወርድ ላይ ይገባሉ።

ቀጥሎ የታካሚው ማንነት። እኔን ሌሊት የሚያባንነኝ ስህተት ይሄ ነው። አንዱ ታካሚ ወጥቶ ሌላው ይተኛል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የቀድሞው ሰው ስም እንደተከፈተ ነው። የሁለተኛው ሰው ቁስል በመጀመሪያው ስም ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲያልቅ ፋይሉ ይዘጋ፤ አዲስ ስምና የካርድ ቁጥር ሳይገባ አንድም ፎቶ አይያዝ። በስም ብቻ አትለይ። ከበደ የሚባል አባት ያለው አበበ ደሴ ውስጥ ስንት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። የካርድ ቁጥር፣ የአያት ስም፣ ስልክ፤ ፋይዳ ቁጥር ያለው ካለም እሱን ጨምር። የሚኖርበትን ዞንና ወረዳም አትርሳ። ለደብዳቤ መላኪያ አይደለም። በአገራችን የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ከአርሲና ከባሌ በሚመጡ ሰዎች ላይ በብዛት እንደሚታይ የታወቀው ታካሚው ከየት እንደመጣ የሚጽፍ ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚያ ወደ ቃላቱ። ሐኪሞች ነጻ ጽሑፍ ይወዳሉ፤ መብታቸውም ነው። ግን ሁሉም ነጻ ጽሑፍ ከሆነ መቁጠር አይቻልም። ለአንድ ዓይነት ቁስል አንዱ «ፒዩዲ» (የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስል) ይላል፣ ሌላው «ዲዩ» (የትንሹ አንጀት ቁስል)፣ ሦስተኛው «አልሰር» (ቁስል) ብሎ ያልፋል። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ስንት የሚደማ ቁስል አየን?» ሲልህ መልስ የለህም። ይሄ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። ከአውሮፓ የተነሣ፣ አሜሪካኖችና ጃፓኖች የተሳተፉበት ዝርዝር አለ፤ ሚኒማል ስታንዳርድ ተርሚኖሎጂ ይባላል። ሦስተኛው እትም የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ከኢሶፋገስ (ከጉሮሮ ቧንቧ) ጀምሮ በየክፍሉ ሊታይ የሚችለው ነገር በምን ቃል እንደሚጠራ ይዘረዝራል። የራስህን ዝርዝር ከምትፈጥር እሱን ውሰድ።

በዚያ ላይ ደረጃ የሚለኩትን ጨምር። አሲድ ለሚያቆስለው ኢሶፋገስ የሎስ አንጀለስ ደረጃ አለ፤ ከኤ እስከ ዲ። ለሚደማ ቁስል የፎረስት ደረጃ አለ፤ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ፣ ደም ከሚረጨው ቁስል ጀምሮ ታቹ ንጹሕ እስከሆነው ድረስ የሚለይ። ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት በካሜራ ሲታይ፣ አንጀቱ ምን ያህል እንደተጠረገ የሚለካው የቦስተን ነጥብ ነው። አንጀቱ በሦስት ይከፈልና እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ9 ነው። ድምሩን ፕሮግራሙ ይደምር፤ ሰው አያስደምር።

አሁን ቪዲዮ ላልከው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ፎቶ 300 ኪሎባይት ነው እንበል። ለአንድ ሰው 10 ፎቶ፣ 3 ሜጋባይት። በቀን 20 ሰው ቢታይ 60 ሜጋባይት። በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንል 15 ጊጋባይት፤ የዓመቱ ፎቶ አንድ ፍላሽ ላይ ይገባል ማለት ነው። ቪዲዮው በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ የ10 ደቂቃው ምርመራ 750 ሜጋባይት ይወስዳል። 20 ሰው 15 ጊጋባይት። የዓመቱን ፎቶ የሚያህል በአንድ ቀን! ስለዚህ ፎቶ ለሁሉም፣ ቪዲዮ ለተመረጠ። ደም ሲቆም፣ ፖሊፕ (አንጀት ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ) ሲቆረጥ፣ ሐኪሙ ለሌላ ሐኪም ማሳየት የፈለገውን ቆርጠህ አስቀምጥ። ሌላው ይሂድ።

ስንት ፎቶ ይበቃል ካልከኝ፣ የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ለላይኛው ምርመራ 8 ቦታ ፎቶ ይነሳ ብሎ ነበር። ከኢሶፋገሱ የላይኛው ክፍል ጀምሮ፣ ስኮፑ ጨጓራ ውስጥ ታጥፎ ወደ ላይ የሚያየውን ጨምሮ፣ እስከ ትንሹ አንጀት ሁለተኛ ክፍል። በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ዋናው ነገር ጤነኛ የሆነውም ቦታ መነሳቱ ነው። «አየሁት፣ ደህና ነው» የሚለውን የሚያስረዳው እሱ ነው።

ፎቶውን ፎልደር ውስጥ ተራ ጄፔግ አድርገህ አትበትነው። ዳይኮም የሚባል የሕክምና ምስል አያያዝ አለ፤ በዚህ ስሙ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት። የታካሚው ስምና ቁጥር ፋይሉ ራሱ ውስጥ ስለሚቀመጥ ፎቶው የትም ቢገለበጥ ባለቤቱ አይጠፋም። ዳይኮም አቅማችን አይደለም ካሉህ ቢያንስ ፎቶውን በምርመራው ቁጥር ሰይመው። በታካሚው ስም አትሰይመው።

የስኮፑን መለያ ቁጥር መመዝገብ ግዴታ አድርገው። የትኛው ስኮፕ የትኛው ሰው ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በፊት ማን አጠበው፣ በስንት ሰዓት። ብዙዎች ይሄን ሲያዩ «ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ፣ በዩሲኤልኤ ሮናልድ ሬገን ሆስፒታል መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ዱዎዲኖስኮፕ በሚባለው የስኮፕ ዓይነት ተላለፈ። 7 ሰው ተያዘ፣ 2 ሞቱ። ሆስፒታሉ የፋብሪካውን የአስተጣጠብ መመሪያ ተከትሏል፤ የስኮፑ አሠራር ራሱ ለማጠብ አስቸጋሪ ነበር። ለሕመሙ ተጋልጠው ሊሆን ይችላል ለተባሉ 179 ሰዎች ማስታወቂያ ተላከ። እንደዚህ ዓይነት ነገር እኛ ጋ ቢደርስ ማንን ነው የምንጠራው? ስኮፑንና ሰውን የሚያገናኝ መዝገብ ከሌለ የምንጠራው የለም።

ከላይ የአዳማውን ሰው ደብዳቤ አንብበኸው ይሆናል። የእሱን ችግር አንተ ልትከላከለው ትችላለህ። ናሙና ተወስዷል ተብሎ ከተመዘገበ የፓቶሎጂው መልስ እስኪገባ ድረስ ያ ሰው «ያልተዘጋ» በሚል ዝርዝር ውስጥ ይቀመጥ። ነርሷ ሰኞ ጠዋት ዝርዝሩን ትክፈትና ስልክ ትደውል። የብልቃጦቹ ቁጥርና ከየት ከየት እንደተወሰዱ አብሮ ይጻፍ። የኢሶፋገስ ደም ሥር አብጦበት ጎማ የታሰረለት ታካሚም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። በሄፓታይተስ ቢና በቢልሃርዚያ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ብዙ ይመጡልናል። እነሱ የደም ሥሩ እስኪጠፋ በየጥቂት ሳምንቱ መመለስ አለባቸው። ባለፈው ስንት ጎማ እንደታሰረ ካልተጻፈ ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል።

መብራት ይጠፋል። ይሄን ለደሴ ልጅ አልነግርም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ለፕሮሰሰሩም ለኮምፒውተሩም ይገዛ፤ ፕሮግራምህም እያንዳንዱን ፎቶ ወዲያው ያስቀምጥ እንጂ ሪፖርቱ እስኪያልቅ አይጠብቅ። «ሲስተም የለም» በሚባልበት ቀን የሚሞላ የወረቀት ቅጽ አዘጋጅ። የቅጹ ቅደም ተከተል ከስክሪኑ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ በኋላ የሚያስገባው ሰው እንዳይደናበር። ቅጂው ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጪ ተቆልፎበት። በየጊዜውም ከቅጂው መልሰህ ለመክፈት ሞክር። ተከፍቶ የማያውቅ ባክአፕ ገጥሞኛል፤ ሲፈለግ ባዶ ነበር።

የመጨረሻው ስለ ራስህ ነው። ነገ የተሻለ ደመወዝ አግኝተህ አዲስ አበባ ትመጣለህ፤ ይቅናህ። ዳታው ግን አንተ በሌለህበት ሌላ ሰው በሚከፍተው ዓይነት መውጣት አለበት። ፓስዎርዱን ይዘህ እንዳትመጣ አደራ።

«ሐኪሙ የአንጀቴን ፎቶ በስልኩ አነሳ»

*ሲስተር፣ ኮሎኖስኮፒ ስታይ ሐኪሙ ስክሪኑን በስልኩ ሲያነሳ በከፊል ነቅቼ አየሁት። ቴሌግራም ላይ ይለጥፈው ይሆን? ፎቶውን አስጠፋ ማለት እችላለሁ? — ከሐዋሳ*

ምናልባት የላከው ለሌላ ሐኪም ምክር ፈልጎ ነው። አገራችን ውስጥ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ጥቂት ስለሆነ ሐኪሞች እንዲህ ይረዳዳሉ፤ ብዙ ሰውም ተጠቅሞበታል። ችግሩ የፕሮሰሰሩ ስክሪን ጥግ ላይ ስምሽና የካርድ ቁጥርሽ መጻፉ ነው። አብሮ ከተነሳ አብሮ ይሄዳል። ሄደሽ በትሕትና ጠይቂው፤ ለምን እንዳነሳው፣ ስምሽ እንዳለበት። ካለበት አጥፋልኝ ማለት መብትሽ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። የሆስፒታሉን ሪፖርት ግን አታስጠፊው። እሱ ለራስሽ ይጠቅምሻል፤ ፖሊፕ ከተገኘብሽ መቼ መመለስ እንዳለብሽ የሚወሰነው እዚያ ላይ በተጻፈው ቁጥርና መጠን ነው።

«ከምርመራው ይልቅ መጻፉ ይረዝማል»

*ሲስተር፣ እኔ ሐኪም ነኝ። ጨጓራ ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃኛል። ሶፍትዌሩ ግን ከዚያ በላይ ያስቀምጠኛል። በዝርዝር ላይ ዝርዝር፣ በአዝራር ላይ አዝራር። ድሮ የጨጓራ ሥዕል ያለበት ማህተም መትቼ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ሁለት መስመር ጽፌ እጨርስ ነበር። ምን ተሻለ? — ስሜ ይቆይ*

ዶክተር፣ ያ ማህተም ትዝ ይለኛል። ጥሩ ማህተም ነበር። ቁስሉ የት እንዳለ አንድ ነጥብ ይበቃ ነበር፤ አሁን ሦስት መስኮት ይከፈታል። እውነትዎን ነው፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የተሠሩት ተራ የሚጠብቅ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው።

ግን እኔ የምቀበለው መዝገብ ውስጥ የማየውንም ልንገርዎ። ሰዎች መስኮቱ ሲሰለቻቸው «ሁሉም ኖርማል» የሚለውን አዝራር ይጫኑና የተበላሸውን ብቻ ያርማሉ። ከዚያ የጨጓራው መውጫ ጠቦ ስኮፑ ማለፍ ያልቻለበት ሰው ሪፖርት ላይ «ዱዎዲነም ኖርማል»፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ደህና ነው፣ ተብሎ ይወጣል። ያልታየ ነገር ጤነኛ ሆነ! ቀጣዩ ሐኪም ደግሞ ያንን ያምናል። የወረቀቱ ዘመን እንዲህ አልነበረም፤ ያልታየውን ሰው አይጽፈውም ነበር። ስለዚህ የየክፍሉ ሳጥን ባዶ ሆኖ ይጀምር፤ «አልታየም» የሚል ምርጫም ይኑረው።

ጊዜ የሚቆጥበው ሥራውን መከፋፈል ነው። ማስታገሻው ምን ያህል እንደተሰጠ፣ የስኮፑ ቁጥር፣ ስንት ብልቃጥ ናሙና እንደወጣ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፤ ይህን ሁሉ ነርሷ ምርመራው እየተካሄደ ትሞላዋለች። ኮሎኖስኮፒ ከሆነ ሰዓቱን ማሽኑ ራሱ ይያዘው። ስኮፑ ሴከም (የትልቁ አንጀት መነሻ) ደርሶ ሲመለስ ቢያንስ 6 ደቂቃ መውሰድ አለበት የሚባለው፣ ከ100 ሰው 90ው ላይ ሴከም መድረስ ያስፈልጋል የሚባለው፣ ሰው እያስታወሰ ሲሞላው ሁሌም ያማረ ቁጥር ይወጣል። እንግሊዞቹ ናሽናል ኢንዶስኮፒ ዳታቤዝ የሚሉት አላቸው፤ ከየሆስፒታሉ የሪፖርት ፕሮግራም ቁጥሩን በራሱ ይሰበስባል፤ ሐኪሙ ለብቻ የሚሞላው ቅጽ የለም።

ለእርስዎ የሚቀረው የተገኘውን ነገር፣ መደምደሚያውንና ቀጣዩን ቀጠሮ መጻፍ ነው። እሱንም ነጻ ጽሑፍ የሚጻፍበት አንድ ሰፊ ሳጥን እንዲጨምሩልዎ ይጠይቁ፤ የደረጃ ቁጥሮቹን ብቻ ከዝርዝር ይምረጡ። ለታካሚው የሚሰጠው ምክር በአማርኛ የተዘጋጁ ዐረፍተ ነገሮች ይኑሩት፤ «መድኃኒቱን ከቁርስ በፊት» ለማለት በየቀኑ አዲስ መጻፍ የለብዎትም። «ሁሉም ኖርማል» የሚለውን አዝራር ግን ከስክሪኑ ያስነሱት። የአይቲው ልጅ እምቢ ካለዎት ለኔ ይጻፉልኝ።